ጥቆማ፦ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ሃይግሮፊላ የተባለ የውኃ ተክል የት ልግዛ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። 100 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለኝ፤ ግቢ ውስጥም ትንሽ ኩሬ አሠርቻለሁ። ሃይግሮፊላ የት ላግኝ? መብራቱስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ተክል ሁለት ጊዜ ገንዘቤን ውኃ በልቶታልና ልንገርህ።

መጀመሪያ የገዛሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ነው፤ በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣ፣ ቅጠሉ ሰፊና ጠንከር ያለ፣ ዐይን የሚስብ። በሳምንቱ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሸሸና ረገፈ፤ ነቅዬ ጣልኩት። ለካ ስህተቱ የእኔ ነበር! ከውኃ በላይ ያደገ ሃይግሮፊላ ዲፎርሚስ ውኃ ውስጥ ሲገባ የድሮ ቅጠሉን ይጥልና ከአንጓው ላይ እንደ ድንብላል የተሰነጣጠቀ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ትዕግሥቱ ከሌለህ ሻጩ ከዓሣዎቹ ጋር ገንዳ ውስጥ ያሳደገውን ምረጥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዓሣ ከሚያረባ ወዳጅ ቁራጭ መለመን ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚከረከም ተክል ስለሆነ ማንም አይነፍግህም። አንድ ስንዝር ያህል ቁረጥ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፍ፣ ሁለት አንጓ አሸዋ ውስጥ ቅበር። ሥሩ ከዚያ ይወጣል።

የገንዳ መብራት ተብሎ በውድ የሚሸጠው ለዚህ ተክል ትርፍ ወጪ ነው። መርካቶ ሄደህ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ግዛና በቀን ለ8 ሰዓት ያህል አብራ። ማሞቂያ ላይ ግን አትቆጥብ፤ ውኃው ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እኔ ገንዳውን ጋቢ አለብሰዋለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ዩሪያ ለማዳበሪያ እንዳትሞክር፤ ዓሣህን ይፈጅብሃል።

ጥያቄ፦ ኩሬውስ?

መልስ፦ ኩሬውን እርሳው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ተክሉ ደግሞ የሕንድና የአካባቢዋ ቆላ ተወላጅ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ለእኛ እንጂ ለእሱ አይበጅም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሳፋ ውስጥ አድርገህ በረንዳ ላይ ልታቆየው ትችላለህ። የከረከምከውን ግን ቦይ ውስጥ አትጣል፤ የከተማችን ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እምቦጭ ጣናን ያደረገውን አይተናል። በፀሐይ አድርቀህ ከቆሻሻ ጋር አስወግደው።