የወለል ሸክላዬ እየተሰነጠቀ ተቸግሬአለሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የወለል ሴራሚክ በእጄ ለመሥራት መሞከር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። እስካሁን ደህና የወጣ አንድም የለም። በጣም ጨንቆኛል።

መጀመሪያ ከእነዋሪ በኩል የመጣ ጥቁር አፈር (መረሬ) ሞከርኩ። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ ማሳው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው ለዚህ ነው። እሱን ተውኩት።

አሁን የምሠራው ከወንዝ ዳር በማወጣው ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ሲቦካ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ግን እርጥቡ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር አስምሬ፣ ሲደርቅ ብለካው 8.8 ሆኖ አገኘሁት። 12 በመቶው ጠፋ ማለት ነው! ጠርዙ ይነሳል፣ መሃሉ ይጎብጣል። ከዚያ ተርፎ እሳት የገባውም ሲቀዘቅዝ "ጧ" ይላል።

አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት "ልጄ፣ ገል ፈጭተሽ ጨምሪበት" አሉኝ። ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ ገል ጨመርኩ። እውነትም መሰንጠቁ ቀነሰ፤ ፊቱ ግን ሻከረ። ገሉን ምን ያህል ላድቅቀው?

ደግሞ ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ማስገባት አስቤአለሁ። ፌልድስፓር ቀልጦ አፈሩን የሚያያይዘው በከፍተኛ ሙቀት ነው፤ የኔ የማገዶ ምድጃ ከ900 ዲግሪ አያልፍም። ታዲያ ይጠቅመኛል ወይስ ገንዘቤን ላባክን ነው? ካኦሊን በኩንታል ሳይሆን በኪሎ የሚሸጥበት ቦታስ ታውቃላችሁ?

በአፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ (አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ማዕድን) 573 ዲግሪ አካባቢ መጠኑ ድንገት ይለወጣል። ስንጥቁ ከዚያ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ምድጃውን ስንት ሰዓት ዘግቼ ልተወው? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።