ናፍጣ መኪና በብርድ ጠዋት አልነሳ ሲል፦ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት ምን ይታይ?

ሰማያዊ_ፒካፕ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ፕሪቻምበር (ናፍጣው መጀመሪያ የሚነድበት ትንሽ ክፍል) ያለው፣ ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚገፋው ፓምፕ) ሮታሪ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም። ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ቁልፉ ገና ሲነካ ይነሳል። ብርድ ያደረ ጠዋት ግን 15 ሰከንድ ያህል ሲዞር ይቆይና ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይተፋል፤ ከዚያ በሁለት ሲሊንደር ብቻ የሚሠራ ይመስል እየተንገጫገጨ ይነሳል። ከደቂቃ በኋላ ይስተካከላል።

ባትሪው አዲስ ነው። ዘይቱ 20ደብሊው-50 ነው። የካንዴሌታው (ከመነሳቱ በፊት የሞተሩን ውስጥ የሚያሞቀው ዘንግ) መብራት ዳሽቦርድ ላይ በርቶ በሰዓቱ ስለሚጠፋ ካንዴሌታው ደህና ነው ብዬ ትቼዋለሁ። መካኒኩ «ፖምፓው ደክሟል፣ ይፈታ» ብሏል። ከዚያ በፊት ራሴ ልመረምረው የምችለው ምንድን ነው? ኢተር (በቀላሉ የሚነድ የማስነሻ ስፕሬይ) መንፋትስ እንዴት ነው?

ሞተሪኖ

ፖምፓውን ለጊዜው አትንካው። የተበላ ሮታሪ ፖምፓ በአብዛኛው የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲሞቅ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በተበላው ክፍተት ያመልጣል፣ ሲነሳ የሚያስፈልገው ግፊት አይገኝም። ያንተ ደግሞ ሲሞቅ ወዲያው ይነሳል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ጭሱን እይ። ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ ግን ሳይነድ ተንኖ ይወጣል። ዓይን የሚያቃጥለውም ያልነደደው ናፍጣ ነው። ምንም ጭስ ባይኖር ኖሮ ነዳጁ አልደረሰም እንል ነበር። ስለዚህ የጎደለው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ከካንዴሌታው፣ ከመዞር ፍጥነቱና ከኮምፕሬሽኑ ይመጣል።

መብራቱን አትመነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ መብራቱን የሚያጠፋው የሙቀት ሴንሰርን የሚያይ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ካንዴሌታው ይሙቅ አይሙቅ አያውቅም። አራቱም ተቃጥለው መብራቱ በሥርዓቱ በርቶ ይጠፋል።

አመረማመሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ አራቱን ካንዴሌታዎች የሚያገናኘውን ላሜራ ፍታ። ላሜራው ካልተነሳ አራቱ በአንድ ላይ ስለሚለኩ ውጤቱ ያሳስታል። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገህ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካካና የገመዱን መቋቋም ያዝ፤ ብዙ ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ የካንዴሌታው ራስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርግ። የገመዱን ቀንሰህ ከ0.5 እስከ 1.5 ኦም ከቀረ ጤነኛ ነው። መለኪያው ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል።

ላሜራውን መልሰህ ቁልፉን አብራና ሰው መብራቱን እያየ ላሜራው ላይ ቮልት ለካ። 11 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ምንም ከሌለ ጥፋቱ ካንዴሌታው ጋር ሳይሆን ሪሌው ወይም ትልቁ ፊውዝ ጋር ነው።

ጥቁር_ዘይት

ሞተሪኖ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የመዞር ፍጥነቱ ላይ ልጨምር። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየር ታምቆ ሲግል ነው። ቀስ ብሎ ከዞረ የታመቀው አየር በቀዝቃዛው ግድግዳ ሙቀቱን ያጣል፣ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩልም ይሾልካል። ባትሪው አዲስ መሆኑ ብቻውን ምንም አይልም፤ ጉልበቱ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ጋ መድረሱ ነው ቁም ነገሩ።

ሞተሩ እየዞረ ሦስት ነገር ለካ። በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳው (ባትሪውን ከሞተሩ ብረት የሚያገናኘው) ገመድ ወይም ማሰሪያው ቆሽሿል። ከፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ደግሞ እስከ 0.5 ይፈቀዳል። መለኪያውን ሞርሴቶው (የገመዱ ማሰሪያ) ላይ ሳይሆን እርሳሱ ምሶሶ ላይ ራሱ አሳርፈው፤ ብዙ ጊዜ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ያለችው ነጭ ዱቄት ናት።

ዘይቱንም ቀይር። ብርድ ላይ 20ደብሊው-50 ለፒስተኑም ለሞተሪኖውም ሸክም ነው። 20ደብሊው የሚባል ዘይት ለብርድ መነሻ የሚፈተነው በ-15 ዲግሪ፣ 15ደብሊው በ-20፣ 10ደብሊው በ-25፣ 5ደብሊው በ-30 ነው። እዚያ ቅዝቃዜ ባትደርስም ልዩነቱ ከዜሮ በላይም ይታወቃል። የሞተሩ መጽሐፍ ከፈቀደ 15ደብሊው-40 ይበቃሃል።

ገደል_አፋፍ

ይሄን ሁሉ ከመለካካት ኢተር አየር ማጣሪያው ላይ ሁለት ጊዜ ነፋ ነፋ ብታደርገው ይነሳል። ተሞክሯል።

ሞተሪኖ

መነሳቱን ይነሳል፤ ፒስተኑን የሚሰብረውም እሱ ነው። ኢተር ናፍጣ ከሚነድበት በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው የሚነደው። ካንዴሌታ ያለው ሞተር ላይ የጋለው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይፈነዳል። ሞተሩ ወደ ላይ ሲገፋ ፍንዳታው ወደ ታች ይመታዋል። ከዚያ የፋሻው መቀመጫ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ኮኔክቲንግ ሮድ ይጎብጣል። መግቢያው ላይ የአየር ማሞቂያ ያላቸው ሞተሮች ላይማ እሳቱ ወደ አየር ማጣሪያው ሊመለስ ይችላል። ካንዴሌታ እያለው ኢተር አይነፋም፤ ድርድር የለውም።

ነጭ_ቱቦ

አንድ የተረሳ ነገር አለ፤ አየር። መኪናው ሲያድር ናፍጣው በላላ ማሰሪያ ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ አየር እየሳበ ወደ ሰርባቶዮው (ነዳጅ ታንኩ) ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው መጀመሪያ አየሩን ሲገፋ ይውላል። ይሄም «ብርድ ላይ አይነሳም» ይባላል እንጂ ከብርዱ ጋር የሚያገናኘው ማደሩ ብቻ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ባንድ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ሞክር፤ ሁሉንም ባንዴ ካደረግህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። አንድ ጠዋት ካንዴሌታውን ሦስት ጊዜ አሙቀህ፣ በየመሀሉ ቁልፉን አጥፍተህ፣ ከዚያ አስነሳ። በደንብ ከተነሳ ጉዳዩ ሙቀት ነው። በሌላ ጠዋት እንደወትሮው አንዴ ብቻ አሙቅ፣ ግን በፊት ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ግፋ። ያኔ ከተነሳ አየር ነው። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ነጭ ግልጽ ቱቦ ብታስገባ አረፋውን በዓይንህ ታያለህ።

በዚያው የፊልትሮውን ታች ፈትተህ ውሃውን አፍስስ። ዜሮ ዲግሪ ላይ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲዘጋ ብዙ ሰው «ናፍጣው ረጋ» ይላል። የእውነት የሚረጋው ሰሙ ነው፤ መጀመሪያ ናፍጣው ይደፈርሳል፣ ከዚያ ሰሙ ፊልትሮውን ይዘጋል። የማይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል የሚጨመረው ናፍጣው ሳይደፈርስ በፊት ነው፤ የረጋውን አያቀልጥም። ለረጋው መድኃኒቱ ፊልትሮ መቀየርና መኪናውን ሞቅ ያለ ቦታ ማስገባት ነው። እሳት ከሥሩ ማንደድ የሚባለውን ስሙንም አታንሳ።

አዲስ_ኮመንሬል

ይቅርታ በመሀል መግባቴ፤ የኔ ኮመን ሬል (ናፍጣ መርጨቱን ኮምፒውተር የሚያዘው) ነው፤ ይዞራል፣ ጭስ ግን ጭራሽ የለውም። ይሄ ሁሉ ለኔም ይሠራል?

ጥቁር_ዘይት

የባትሪውና የማሳው ልኬት ይሠራል። ጭስ ከሌለ ግን ኢንጀክተሮቹ አልተከፈቱም። ኮምፒውተሩ ሬሉ (ኢንጀክተሮቹን የሚመግበው የጋራ ቱቦ) ውስጥ በቂ ግፊት እስኪያይ ድረስ አያስረጭም፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ150 እስከ 250 ባር አካባቢ ነው። በስካነር ሲዞር ያለውን የሬል ግፊት ተመልከት። ካልወጣ ከየኢንጀክተሩ የሚመለሰውን ናፍጣ በአራት እኩል ብልቃጥ ሰብስብ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከበለጠ የሚያፈሰው እሱ ነው። የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ሞተሩ እየዞረ በእጅህ አትፍታ፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ነጭ ጋዝም አትቀላቅልበት፤ ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው።

ሰማያዊ_ፒካፕ

ለካሁ። ካንዴሌታ፦ አንደኛው 0.9፣ ሁለተኛው ምንም፣ ሦስተኛው 1.0፣ አራተኛው ምንም። ላሜራው ላይ 11.3 ቮልት። ሲዞር ባትሪው 10.1፤ ከኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት 0.7። የእጅ ፓምፗን መግፋት ምንም ለውጥ አላመጣም።

ሞተሪኖ

እንግዲህ ተገኘ። ሁለት ሲሊንደር ያለ ካንዴሌታ ነው የሚነሱት፤ መንገጫገጩም ከዚያው ነው። 0.7ቱ ደግሞ ሞተሪኖውን እያዘገመብህ ነው፤ የማሳውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ፈትተህ በብረት ብሩሽ አንጻ፣ ገመዱ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ቀይረው።

ካንዴሌታውን አራቱንም ባንዴ ቀይር። አንገቱ ላይ የተጻፈውን ቮልት ከአሮጌው ጋር አመሳክር፤ በ12 ቮልት መስመር ላይ ባለ 6 ቮልት ከገባ በሰከንዶች ይቃጠላል። የምትፈታው ሞተሩ ሞቆ ሳለ ነው፣ ክሩ ላይ ቀድመህ ዝገት ማላቀቂያ ረጭተህ። ባለ 10 ሚሊሜትር ክር ከሆነ ከ35 ኒውተን ሜትር በላይ አታስጨንቀው፤ እንቢ ካለ አቁም፣ አሙቅ፣ ድገም። ከተሰበረ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛው ክዳን) ማውረድ ሊመጣ ይችላል።

የወጡትን ጫፋቸውን እያቸው። የቀለጠ ወይም ያበጠ ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው አፍ) ይንጠባጠባል፣ ወይም የፖምፓው ታይሚንግ ቀድሟል፤ እሱ ሳይስተካከል አዲሱም አይቆይም። ጫፉ ደህና ከሆነ በዕድሜ ነው የሞተው።

ከመግጠምህ በፊት ቀዳዳውን ከካርቦን አጽዳ። ለዚያ የሚሆን መፋቂያ አለ፤ ጥርሱን ግሪስ ቀብተህ ካዞርከው ካርቦኑ ተለጥፎ ይወጣል እንጂ ወደ ፕሪቻምበሩ አይወድቅም። ክሩ እስኪያልቅ በእጅ ብቻ አስገባ፣ ከዚያ ከ12 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ጥበቀው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ነጭ ጭሱ ከቀረ፣ ፖምፓው ላይ ያለችውን የብርድ መነሻ ማስቀደሚያ (ናፍጣው ቀደም ብሎ እንዲረጭ የምታደርገውን) አሠራሯን እይ፤ ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት፣ መጨረሻ ላይ ኮምፕሬሽን። ፕሪቻምበር ሞተር ላይ ከ20 ባር በታች ከወረደ ወይም በሲሊንደሮቹ መካከል ከ5 ባር በላይ ልዩነት ካለ ያኔ ስለ ፋሻ እናወራለን።