የከተማና የገጠር የደም ግፊት ቁጥር እንዴት ይወዳደራል?

ጠያቂ (ሳቢያን)፦
ሰላም ቤተሰብ። ለማስተርስ ጥናቴ ድሬዳዋ ከተማና ገጠር ቀበሌዎች ላይ የደም ግፊት ለካሁ። ከተማው በብዙ በልጦ ወጣ። እኔም «የከተማ ኑሮ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ «ዕድሜ ሳታስተካክዪ?» ብሎ መለሰብኝ። እውነትም ከተማ ያገኘኋቸው ትልልቅ ሰዎች ይበዛሉ፣ ገጠር ወጣት ነው። ምን ይሻለኛል?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ፣ አማካሪሽ ልክ ነው። ለማስረዳት ብቻ የፈጠርኩት ቁጥር ላሳይሽ። ከየቦታው 1,000 ሰው ተለካ እንበል። ከተማ ከ50 ዓመት በታች 600፣ ከዚያ በላይ 400። ገጠር 900 እና 100። ግፊት ያለበት፣ ከተማ ወጣቱ 2%፣ ትልልቁ 20%፤ ገጠር 3% እና 25%። በጥሬው ከተማ 9.2%፣ ገጠር 5.2% ይመጣል። ግን ተመልከቺ፣ በሁለቱም ዕድሜ የባሰበት ገጠሩ ነው!
አሁን ለሁለቱም አንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ስጪያቸው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ 75% ወጣት፣ 25% ትልቅ ይሆናል። ከተማ፦ 0.75×2 + 0.25×20 = 6.5%። ገጠር በዚሁ ስሌት 8.5%። ተገለበጠ። ዳይሬክት (ቀጥተኛ) የዕድሜ ማስተካከያ የሚሉት ይሄንን ነው።

ሐረር ነኝ፦
ከውጭ አገር ጥናት ጋር ልታነጻጽሪ ካሰብሽ ግን የሁለቱን ቦታ ድምር የዕድሜ ስብጥር ተዪው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2025 ያለውን የዓለም ሕዝብ አማካይ የዕድሜ ስብጥር ይዞ ያወጣው መደበኛ ስብጥር አለ። የትኛውን እንደወሰድሽ ጻፊ፤ መደበኛው ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። ጥሬውን ቁጥርም አትጣዪው። ለመድኃኒት ዕቅድ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ግን ገጠር ላይ ከ65 በላይ ያገኘሁት 4 ሰው ብቻ ነው። አንዱ ግፊት ቢኖርበት 25% ልበል?

ጡረተኛው፦
አይ ልጄ፣ በ4 ሰው ፐርሰንት አይወጣም። ወይ የዕድሜ ክልሉን አስፊ፣ ወይ ኢንዳይሬክቱን (ቀጥተኛ ያልሆነውን ማስተካከያ) ተጠቀሚ። የአንድ ትልቅ ሕዝብ በየዕድሜው ያለውን የታማሚ ምጣኔ ውሰጂና በቀበሌሽ በዚያው ዕድሜ ባለው ሰው ብዛት አባዝተሽ ደምሪው። የሚጠበቀው ታማሚ 20 ሆኖ ያገኘሽው 30 ከሆነ፣ 30 ለ20 ሲካፈል 1.5 ነው። ከሚጠበቀው አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ፦ የአንዱን ቀበሌ 1.5 ከሌላው 1.2 ጋር አታወዳድሪ። እያንዳንዱ የተመዘነው በራሱ የዕድሜ ስብጥር ነው።

ጠያቂ፦
ወይኔ ጋሼ! ቀበሌዎቹን በደረጃ ልደረድራቸው ነበር።