በአይስካዚ የተገናኘ ዲስክ በሰከንድ ከ11 ሜጋባይት አላልፍ አለ

ጥያቄ (ከአራዳ፣ ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በቤቴ ጓዳ ውስጥ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ ሰርቨር አለኝ፤ በዜድኤፍኤስ (ዲስኮችን በሚያስተዳድር ፋይል ሲስተም) አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆኑት ሁለት ዲስኮቹ ላይ ቦታ ለይቼ በአይስካዚ (የሌላ ማሽን ዲስክን በኔትወርክ እንደ ራስ ዲስክ በሚያስጠቅም ስልት) ከሥራ ኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቻለሁ። ሐሳቤ በጥምቀት ዕለት በአፄ ፋሲል መዋኛ የቀረጽኳቸውን ቪዲዮዎች በቀጥታ ከዚያ ላይ ማቀናበር ነበር። ነገር ግን ትልልቅ ፋይሎችን ሳነብም ሆነ ስጽፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ይቆማል። ዲስኮቹን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለካቸው ከ150 በላይ ያነባሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ስዊችም የጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ነው። የፓኬቱን (በኔትወርኩ በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ ጥቅል) መጠን ከ1500 ወደ 9000 ባይት ባሳድገው ይሻል ይሆን?

መልስ 1 (ከማራኪ)፦
9000ውን ለጊዜው ይተዉት፤ ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ኮምፒውተሩ ሦስቱም እኩል ካልተስተካከሉ ሌላ ችግር ይጨምርብዎታል። ቁጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል፦ 100 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው፤ ፕሮቶኮሎቹ የሚወስዱት ሲቀነስ 11 ገደማ ይቀራል። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ሲፈልግ 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ስለሚሠራ፣ ከቀሩት ሁለት ጥንዶች አንድ ሽቦ ቢላቀቅ መስመሩ ሳይቋረጥ ፍጥነቱ ብቻ ዝቅ ይላል። በሁለቱም በኩል በኢዝቱል (የሊኑክስ የኔትወርክ ካርድ መመርመሪያ ትእዛዝ) የመስመሩን ፍጥነት ይመልከቱ፤ ከዚያም በአይፐርፍ 3 ዲስኩን ሳይነኩ መስመሩን ብቻ ይለኩ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሰርቨሩ በኩል 100 ይላል፤ ኬብሉን ስመረምረው ቡናማው ሽቦ ከጫፉ ተላቆ አገኘሁት። ጫፉን ቆርጬ እንደገና ካሠራሁት በኋላ አይፐርፍ 940 ሜጋቢት አሳየኝ፤ ንባቡም 110 ሜጋባይት ደረሰ። ጽሕፈቱ ግን 20 አካባቢ ቀረ፤ ሲንክን (የተጻፈው ዲስክ ላይ እስኪሰፍር የሚያስጠብቀውን የዜድኤፍኤስ ቅንብር) ስዘጋው ወዲያው ወደ 100 ወጣ። እንዲሁ ልተወው?

መልስ 2 (ከአዘዞ)፦
እባክዎ አይተዉት። ሲንክ ሲዘጋ ሰርቨሩ ገና በሜሞሪ ላይ ያለውን ዳታ ዲስክ ላይ እንዳሰፈረው አድርጎ ይመልሳል፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ከጠፋ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይጠፋሉ። ዜድኤፍኤስ ራሱ ደህና ይነሣል፤ በላዩ ያለው የኮምፒውተርዎ ፋይል ሲስተም ግን ተጽፏል ብሎ ያመነው ስለሚጎድልበት ሊበላሽ ይችላል። እኔ የአንድ ሠርግ ሙሉ ቀረጻ ያጣሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ለሙሽሮቹ የምነግራቸው ቃል አጥቼ ነበር። የሚያዋጣው፣ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለውን ኤስኤስዲ ለብቻው የሎግ ዲስክ (ዜድኤፍኤስ ሲንክ ያለባቸውን ጽሕፈቶች ቶሎ የሚመዘግብበት) ማድረግ ነው። ትልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ ዜድኤፍኤስ በተለምዶ በየ5 ሰከንዱ ወደ ዲስክ ስለሚያወርድ፣ በጊጋቢት መስመር በዚያ ጊዜ የሚገባው ከ625 ሜጋባይት አይበልጥም። ኤስኤስዲውን እስኪያገኙ ድረስ ግን ሲንክን ዛሬውኑ መልሰው ይክፈቱት።