አስቸኳይ፦ «ከግብር መሥሪያ ቤት ነኝ» የሚል ሰው እናቴን ስልክ ላይ ይዟታል

ናቲ_ዘ (ጠያቂ)
ሰላም፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ እባካችሁ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። እናቴ ቤት ብቻዋን እያለች አንድ ሰው ደውሎ ከግብር መሥሪያ ቤት ነኝ፣ ውዝፍ ዕዳ አለብሽ፣ ዛሬ ካልከፈልሽ ፖሊስ ይልካሉ ብሏታል። ይኸው ከአንድ ሰዓት በላይ ስልኩን እንዳትዘጊ እያለ ይዟታል። ታናሽ እህቴ አሁን ገብታ አይታ ነው የጻፈችልኝ። ግራ የገባኝ የደወለበትን ቁጥር ሳየው የእውነተኛው መሥሪያ ቤት ቁጥር ነው። ደግሞም የዛሬ ሁለት ዓመት ያልከፈለችው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ቢሆንስ? ብንዘጋበት ይባባስብናል?

ሰላም_ቲ
ይዝጉ! አሁኑኑ። ቻው እንኳ አይበሉት። እህትህ ስልኩን ከእጃቸው ወስዳ ትዝጋው፣ ሌላውን በኋላ እናወራለን።

አቤል77
ዝጉት።

ጋሽ_መኮንን
ልጆች፣ ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር የሕንድ ፖሊስ ሙምባይ አጠገብ ታኔ በሚባል ቦታ ገብቶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መስለው ሲደውሉ የሚውሉበትን ቢሮ ዘግቷል። በዚያው ወር አሜሪካም ብዙ ሰው ከሰሰች፤ በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ 20 ዓመት እስራት የተፈረደባቸው አሉ። ደዋዮቹ ከፊታቸው የተጻፈ ንግግር አላቸው፤ የተደወለለት ሰው «ልጄን ላማክር» ሲል ምን እንደሚመልሱ ጭምር ተጽፎላቸዋል። የኛ ትውልድ ደግሞ የመንግሥት ስም ሲጠራ ተነስቶ መቆም ነው የለመደው። እናትህን እንዳትቆጣት። ተታላ አይደለም፣ ሕግ አክባሪ ስለሆነች ነው።

ናቲ_ዘ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ዘግታዋለች። ግን የባሰ ነገር ሰማሁ። ሦስት የአፕል ጊፍት ካርድ (ቁጥሩን የያዘ ሰው ገንዘቡን የሚጠቀምበት የስጦታ ካርድ) አስገዝቷታል፣ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ክፍት አድርጋ ነው ሱቅ የሄደችው። የሁለቱን ቁጥር አንብባለታለች። ሦስተኛውን በሳንቲም ፍቃ ግማሽ ላይ ሳለች ነው እህቴ የደረሰችው።

ቢኒ_ቢ
ግብሩን በጊፍት ካርድ የሚሰበስብ መንግሥት የት አለ በሉኝ፣ እኔም እዚያ ልዛወር 😅

ሰላም_ቲ
ቢኒ አሁን ጊዜው አይደለም። ናቲ፣ ካርዶቹን አትጣሉ፣ ደረሰኙንም። የአፕልን ድጋፍ አሁን ደውሉ፤ አሜሪካ ከሆናችሁ 1-800-275-2273 ነው፣ መልስ ሰጪው ማሽን ሲጠይቅ «ጊፍት ካርድ» በሉት። ገንዘቡ ገና ካልተነሳ የማገድ ዕድል አለ፤ ተጭበርብረን ነው ቁጥሩን የሰጠነው በሉ፣ የካርዱን ቁጥርና ደረሰኙን ይጠይቋችኋል። ደቂቃ ነው ዋጋ ያለው። ሦስተኛው ካርድ ቁጥሩ ስላልተነገረ አልተነካም፣ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ሂሩት_ሂሳብ
ሥራዬ የሰው ግብር ማስታወቂያ መሙላት ነው፣ ይህንን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ሁለቱን ጥርጣሬህን ልመልስልህ።

ስክሪን ላይ የሚወጣ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። በኢንተርኔት የሚደውል ሰው የፈለገውን ቁጥር እንዲታይ ማድረግ ይችላል፤ ለዚህም ነው ሆን ብለው የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር የሚመርጡት፣ አንተ ፈልገህ አግኝተህ እንድታምን። ማረጋገጥ ከፈለግህ ዘግተህ፣ ከድሮ ደብዳቤ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ራስህ ጽፈህ ደውል። ሰውየው «በዚህ ቁጥር መልሰህ ደውል» ያለህን አትንካው።

ሁለተኛው የከበደው ነው። ዕዳው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ጥሪው ግን ውሸት። ሁለቱን አታያይዛቸው። ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ «አዎ ያልከፈልኩት ነገር ነበር» ብሎ ልቡ ይደነግጣል፣ የደወለው ደግሞ በግምት ነው የመታው። ነገ በእርጋታ ደውላችሁ ሒሳቡን አስወጡ። ካለባችሁም አብዛኛውን ጊዜ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቀዳል።

አቤል77
ዝጉትና ቁጥሩን ብሎክ አድርጉ።

ዳዊት_ጂ
ሁሉም ሰው «የግብር መሥሪያ ቤት በስልክ አይደውልም» ይላል፤ ልክ አይደለም፣ ሰው ያሳስታል። ካናዳ እውነተኛ ሠራተኞች ይደውላሉ። አሜሪካም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዳንድ የቆየ ዕዳ ለግል ሰብሳቢ ድርጅቶች ይሰጣል፣ እነሱም ይደውላሉ፤ ግን አስቀድሞ በፖስታ ደብዳቤ ይደርስሃል። ስለዚህ መደወሉን ሳይሆን የጠየቀውን እዩ። ካርድ ግዢ ካለ፣ ስልኩን እንዳትዘጊ ካለ፣ ለገንዘብ ተቀባይዋ ለስጦታ ነው በያት ካለ፣ ለልጆችሽ አትንገሪ ካለ፣ አለቀ።

ናቲ_ዘ
«ለስጦታ ነው በያት» ያለው ቃል በቃል ነው!! አፕል ጋ እየጠበቅን ነው፣ ሙዚቃ እያሰሙን ነው። ለማን ነው የምናመለክተው?

ሂሩት_ሂሳብ
የት አገር እንዳላችሁ አልነገርከንም። አሜሪካ ከሆነ ቲግታ የሚባል የታክስ አስተዳደሩ ተቆጣጣሪ አለ፣ 1-800-366-4484፣ ድረ ገጹ ላይም ፎርም አለው፤ ለኤፍቲሲም (የአሜሪካ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት) አስመዝግቡ። ካናዳ የጸረ ማጭበርበር ማዕከሉ 1-888-495-8501 ነው። እንግሊዝ በቴክስት የመጣውን ወደ 60599 መላክ ነው፣ ለጥሪ ደግሞ የመንግሥት ድረ ገጹ ላይ ፎርም ይሞላል። ሌላ አገር ከሆናችሁ ለአካባቢው ፖሊስና ለራሱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ።

ቁጥሩን ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት የጥሪዎቹን ዝርዝር ፎቶ አንሱት። ሰዓቱን፣ የነገራቸውን ስምና «የመታወቂያ ቁጥር» እናትህ ሳይረሱ አሁን ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የባንክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ የግል መለያ ቁጥር) ሰጥተውት ይሆን? ስልካቸው ላይ አፕ አስጭኗቸው ይሆን? ባንክ ከተነገረ ዛሬውኑ ለባንኩ። ሶሻል ከሆነ አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) የሚሰጠውን ባለ 6 አኃዝ የመለያ ፒን አውጡ፣ የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ሦስቱም የክሬዲት ድርጅቶች ጋ፣ በስማቸው ብድር እንዳይወሰድ፣ ፋይላቸውን በነጻ አስዘጉ።

ጋሽ_መኮንን
አንድ ነገር ልጨምር። የእናትህ ስም አጭበርባሪዎቹ ጋ «የሚከፍሉ ሰው» ተብሎ ተመዝግቧል። በሚቀጥሉት ቀናት ሌላ ሰው ደውሎ «የተወሰደብዎትን ገንዘብ ላስመልስልዎ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ» ይላል። እሱም ያው ነው። ለእናትህ ከአሁኑ ንገራት፣ እህትህም አጠገቧ ትሁን፣ ብቻዋን አትተዋት።

ናቲ_ዘ
አነሱልን አሁን፣ መልሼ እጽፋለሁ

ሰላም_ቲ
ናቲ፣ ከትናንት ጀምሮ እየጠበቅን ነው። ካርዶቹ ታገዱ? እናትህስ ተረጋጉ?

አቤል77
ያው፣ ዝጉት።

ማሂ_መ
ለኔም ዛሬ ጠዋት ተደወለልኝ፣ ድምፁ የሴት ነበር፣ የድሮ አድራሻዬን ሁሉ ታውቀዋለች። ዘግቼባታለሁ፤ ስሟንና ሰዓቱን ጽፌዋለሁ። ሂሩት፣ ምንም ገንዘብ ባልከፍልም ማመልከት እችላለሁ?

ሂሩት_ሂሳብ
ትችያለሽ፣ አመልክቺ። ባትከፍዪም የታየውን ቁጥርና ያለችሽን ይፈልጉታል።