ወንድሜ ከቆላ ወባ ይዞ መጣ፤ ደጋ ላይ ይተላለፋል እንዴ?

ደገኛው፦ ሰላም ቤተሰብ። የምንኖረው 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ወባ የቆላ በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ታናሽ ወንድሜ ቆላ ሠርቶ በተመለሰ በ10 ቀኑ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ምርመራው ፋልሲፓረም (አደገኛው የወባ ዓይነት) አለ፤ መድኃኒት ጀምሯል። አሁን ደግሞ ከሰፈር ወጥታ የማታውቅ የጎረቤት ልጅ አተኮሳት። ከሱ ይሆን?

ነርሷ፦ አይዞህ፤ በትንፋሽም በልብስም አይተላለፍም። መሃል ላይ ሴቷ አኖፊለስ ትንኝ መኖር አለባት። ከታመመ ሰው የወሰደችው ተህዋሲ ሆዷ ውስጥ ካልጎለመሰ ሌላውን አትበክልም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ከሆነ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ 20 ዲግሪ ላይ ግን ከ20 ቀን በላይ ይፈጃል። ትንኟ ያን ያህል ላትኖር ትችላለች። ደጋን የሚያድነው ብርዱ ነው እንጂ ከፍታው በራሱ አይደለም።

ታዛቢ፦ ብርዱን ብዙ አትመኑት። ትንኟ የምታድረው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ደግሞ ከውጭ ይሞቃል። ዓመቱ ሲሞቅ ወባ ሽቅብ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 የኢትዮጵያን ደጋማ ቦታዎች የመታው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ደገኛ ለወባ የዳበረ መከላከያ የለውም፤ ስለዚህ ሕፃናትን ብቻ ሳይሆን ጎልማሳውንም ክፉኛ ይጥላል።

ማሙሽ፦ ትኩሳቱ ከለቀቀው መድኃኒቱን ይተወው ባይ ነኝ። ጨጓራ ይልጣል።

ነርሷ፦ ማሙሽ፣ እባክህ! ሦስቱንም ቀን ይጨርስ። ደሙ ውስጥ የቀረው ተመልሶ ይነሳበታል። እስኪሻለው አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ትንኝ ከሱ እንዳትወስድ። ልጅቷን ግን ዛሬውኑ አስመርምሯት፤ ፋልሲፓረም ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

ደገኛው፦ አስመረመርናት። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው አሉን!

ነርሷ፦ እንግዲያው ከወንድምህ አይደለም፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። እናቷን በደንብ ጠይቃት። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ወራት ተኝቶ ይነሳል።

ደገኛው፦ ጠየቅኳት። ለካ አምና ክረምት ቆላ አያቷ ዘንድ ከርማለች፤ እዚያም ታማ ነበር። «ድና ነው የመጣችው» አለችኝ።

ነርሷ፦ የዳነው ደሟ ነው፤ ጉበቷ ውስጥ ያለው ቀርቷል። እሱን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው። ለአንዳንድ ሰው ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። ሽንቷ ከጠቆረ ወዲያው አቁማችሁ ውሰዷት።