በክረምት ከጣና ዳር በመንጠቆ፦ ውኃው ሲደፈርስ ምን ይደረጋል?

ደንገሉ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከባሕር ዳር ዳርቻ በሸንበቆ፣ በ0.20 ሚሊ ሜትር ናይለንና በቁጥር 10 መንጠቆ በግንቦት ቆሮሶ (ቲላፒያ) በደንብ ይያዛል። ሐምሌ ሲገባ ግን ያው ሸንበቆ፣ ያው ሊጥ፣ ያው ቦታ ሆኖ ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ንቅንቅ አይልም። መቀየር ያለበት ቦታው ነው፣ መንጠቆው ነው ወይስ የሚሰካው ምግብ? ጀልባ የለኝም፤ «መረብ ግዛ» የሚል መልስም አልፈልግም።

ፊላ ሥር

ሦስቱም ይቀየራሉ፤ ከሁሉ በፊት ግን የምትፈልገውን ዓሣ ቀይር። በክረምት የጉማራ፣ የርብና የግልገል ዓባይ ወንዞች አፈር ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። የጣና ስፋት አያታልህ፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነውና ነፋስ ጭቃውን ከሥር ያነሣዋል። ቆሮሶ በድፍርስ ውኃ ሊጥህን አያየውም። በዚያ ላይ እንቁላል በአፏ የያዘች እናት ቆሮሶ ምግብ አትነካም፤ ምንም ብታቀርብላት ትርፉ ድካም ነው። አምባዛ ግን አሽትቶና በጺሙ ዳስሶ ነው ምግቡን የሚፈልገው፤ ድፍርስ አያግደውም።

መለኪያው ቀላል ነው። ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ከሥሩ ድንጋይ አስረህ በገመድ አውርድ። አንድ ስንዝር ሳይወርድ ከዓይንህ ከጠፋ ሊጡን ተውና ለአምባዛ ተዘጋጅ። ክንድ ያህል ወርዶ ከታየ ቆሮሶም ይሞከራል።

ለአምባዛ ሸንበቆውን አስቀምጠው፤ ይሰብርብሃል። 0.40 ናይለን 40 ሜትር ያህል ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠምጥም። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ 20 ወይም 30 ግራም እርሳስ በክሩ አስገባ፣ ከሱ በታች የሚሽከረከር ማያያዣ እሰር፣ ከማያያዣው 40 ሳንቲ ሜትር ክር ቀጥለህ ቁጥር 1 ወይም 2 መንጠቆ እሰር። (ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው ይተልቃል፤ ሱቅ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።) እርሳሱን ክሩ ላይ ቋጥረህ ካሰርከው አምባዛው ክብደቱ ይሰማውና ይተፋዋል፤ ክሩ በቀዳዳው ከሾለከ ግን ሳይጠራጠር ይዞ ይሄዳል። ከዚህ የከበደ እርሳስ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል።

የሚሰካው የዶሮ አንጀት ነው፣ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ቆርጠህ። ጉበትም ይሆናል፤ ስለሚላላ በልብስ ስፌት ክር ጠምጥመው። የመንጠቆው ጫፍ ውጭ ካልታየ ግን ዓሣ እየቀለብክ ነው። ክሩ ሲነካካ አትሳብ፤ ሳያቋርጥ አንድ ሜትር ያህል ሲሄድ ያኔ ሳብ።

ጉሽ

ፊላ ሥር ያለው ትክክል ነው፤ አንድ የዘለለው ነገር አለ። የአምባዛ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን 50 ሳንቲ ሜትር በጣትህ ዳስስ፤ ሻከር ካለ ቆርጠህ እንደገና እሰር። «ትልቁ አመለጠኝ» የሚባለው አብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። ከውኃ ስታወጣውም በክንፎቹ ሥር ያሉት ሁለት እሾሆች ይወጋሉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ያዘው።

ቆሮሶን ጨርሶ አልተውም ካልክ ከወንዝና ከጎርፍ ቦይ ራቅና ቡናማውና ጠራ ያለው ውኃ የሚገናኙበትን መስመር ፈልግ፣ በተለይ ደንገል ነፋሱን በሚከልልበት በኩል። የጠላ አተላ ከፉርሽካና ከዳር ጭቃ ጋር ለውሰህ እንደ ብርቱካን ድቡልቡል አድርግ፤ ሁለት ብቻ ጣል፣ ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ። አብዝተህ ከጣልክ ይጠግብና ይሄዳል። ሊጡን በሁለት እጅ የስንዴና በአንድ እጅ የበቆሎ ዱቄት ጠንከር አድርገህ አቡካው፤ ጥቂት የጥጥ ብናኝ ጨምርበት፣ ማዕበል ሲመታው ከመንጠቆው እንዳይረግፍ። የሽምብራ ፍሬ ያክል ይበቃል።

የወንዙ አፍ

«ወንዝ አፍ ላይ ቁም» የሚልህ ሰው ይመጣል፤ አትስማው። ነጭ ዓሣው (ባርበስ የሚባለው) ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፍ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር የትም የሉም። ሆዷ የተነፋ ከተያዘች ሆዷን ሳትጫን መንጠቆውን አውጥተህ ልቀቃት። ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ መበተንማ ጫጩቱንም ይፈጃልና ወሬውም ባይነሣ ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አትቁም፤ በጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ጉማሬ ስላለ ደንገል ለደንገል አትሂድ።

ደንገሉ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለታኅሣሥና ጥር ብርድስ ይሄው አሠራር ያስኬዳል?

ጉሽ

አያስኬድም። ያኔ ውኃው ጠርቶ ይቀዘቅዛል፣ ዓሣውም ይደነዝዛል። ክሩን ወደ 0.16፣ መንጠቆውን ወደ ቁጥር 14፣ ሊጡን ወደ አተር ግማሽ አሳንስ። አተላ በፍጹም፤ ጥቂት ፉርሽካ ብቻ። ማለዳ ተነሥተህ አትንቀጥቀጥ፤ ፀሐይ ዳሩን እስክታሞቅ ጠብቀህ ከ4 ሰዓት በኋላ ውጣ። ቡሹ ወደ ታች ሳይሰምጥ ወደ ጎን ቀስ ካለ ነክሷል ማለት ነው፣ ሳብ።